ወፍራም ድምፅ ያለ ኤሌክትሪክ፦ ከበገና እስከ ቤዝ ጊታር

በሙዚቃ ክበብ ያሉ ተማሪዎቻችን ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። ክራር አለን፣ ከበሮ አለን፣ አንዳንዴም ገመዱ የተቀጠለ ጊታር ይገኛል፤ «ቤዙስ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ቤዝ የሌለው ሙዚቃ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው፤ ሁሉም ነገር ገብቶበት የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ቤዝ ጊታር ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ አምፕሊፋየር ይፈልጋል፣ ትልቅ ስፒከር ይፈልጋል። ካምፕ ውስጥ ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል? ካርቱም እንኳ፣ ዋና ከተማዋ ራሷ፣ ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 ከተነሳ ወዲህ ለረጅም ጊዜ በጨለማ ከርማለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ በፊት ሰው ወፍራም ድምፅ አልሰማም ነበር ወይ? ሰምቷል እንጂ! ያውም ከኛው ቤት። በዚህ እትም ይህን ታሪክ ልናይ ነው። በአንድ ሰው አቅም የሚያዝ፣ ያለ መብራት የሚሠራ፣ ወፍራምና ሞቅ ያለ ድምፅ የሚሰጥ የአውታር መሣሪያ እንዴት ይሠራል የሚለውን ጥያቄ የሌላው አገር ሰዎች በአንድ መንገድ፣ የበገና ሠሪዎች አባቶቻችን ደግሞ በሌላ መንገድ መልሰውታል። የነሱ መልስ ያነሰ እንዳልሆነ፣ ግን ሊጠፋብን ተቃርቦ እንደነበር፣ አሁንም አደጋው እንዳላለፈ ለማሳየት እንሞክራለን።

ችግሩ የቱ ላይ ነው?

በመጀመሪያ ነገሩን በሳይንስ ትምህርት እንየው። ድምፅ ንዝረት ነው። አውታሩ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ድምፁ ይቀጥናል፤ ጥቂት ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ይወፍራል። የተራ ጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ገደማ ይንቀጠቀጣል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ግን 41 ጊዜ ብቻ ነው፤ ልክ ግማሹ ማለት ነው።

ንዝረቱን ወደ ግማሽ ለማውረድ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው የአውታሩን ርዝመት እጥፍ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ርዝመቱን ሳይነኩ አውታሩን አራት እጥፍ ማክበድ ነው። ሦስተኛው ውጥረቱን ወደ አንድ አራተኛ ማላላት ነው። ሦስቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። አውታሩ በጣም ሲረዝም እጅ አይደርስበትም። በጣም ሲከብድ ደንዝዞ ድምፁ ቶሎ ይሞታል። በጣም ሲላላ ደግሞ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ይወዛወዛል እንጂ ዜማ አይወጣውም። ስለዚህ ማንኛውም ሠሪ ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ ቀላቅሎ ነው የሚሠራው።

ግን አውታሩን ብቻ ማስተካከል አይበቃም። አውታር ብቻውን አየር መግፋት አይችልም፤ ቀጭን ነዋ። አየሩን የሚገፋው ሳጥኑ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህን ለ41 ብናካፍለው የአንዷ ሞገድ ርዝመት 8 ሜትር አለፍ ይላል። ይህን የሚያህል ሞገድ በጭን ላይ ከሚቀመጥ ሳጥን ማስነሳት ቀላል አይደለም። በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየርም የራሱ ቃና አለው። ባዶ ጠርሙስ አፉ ላይ ብትነፉ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፤ ውሃ ብትጨምሩበት፣ የአየሩ ቦታ ስለሚያንስ፣ ድምፁ ይቀጥናል። ሳጥንም እንዲሁ ነው። ብዙ አየር የሚይዝ ሳጥን ወፍራሙን ድምፅ ያግዛል፤ ትንሽ ሳጥን ግን ቀጭኑን ብቻ ያጎላል።

እንግዲህ ችግሩ ይህ ነው፦ ድምፁ ትልቅ ሳጥን ይፈልጋል፣ ሰው ደግሞ ሁለት እጅና አንድ ጭን ብቻ ነው ያለው።

አንደኛው መንገድ፦ ሳጥኑን ማተለቅ

አውሮፓውያን «ሳጥኑ ይተልቅ» አሉ። ኮንትራባስ የሚባለው ትልቁ የቫዮሊን ዘመድ ከሰው ቁመት አይተናነስም፤ ተጫዋቹ ቆሞ እንደ ምሰሶ አቅፎት ነው የሚጫወተው። ድምፁ ግሩም ነው፤ ይዞት ለመጓዝ ግን መኪና ይጠይቃል።

የሜክሲኮ ሰዎች ሌላ ነገር አሰቡ። ማሪያቺ በሚባለው ሙዚቃቸው ውስጥ ጊታሮን የሚሉት መሣሪያ አለ፤ ትልቅ፣ ጀርባው የተቆለመመ፣ ስድስት አውታር ያለው ጊታር። በአንገት ተንጠልጥሎ እየሄዱ ይጫወቱታል። አንድ ብልሃትም አለው፦ ተጫዋቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት አውታሮችን አንድ ላይ ይነካል፤ አንዱ ወፍራሙን፣ ሌላው ያንኑ ቃና አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ። ከፍ ያለው ድምፅ ዝቅ ያለውን ጆሮ ላይ ያጎላዋል። ይህን ብልሃት ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1951 አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታሩን ለገበያ አቀረበ። ሳጥን የሚባል ነገር የለውም፤ ድፍን እንጨት ነው። የአውታሩን ንዝረት ማግኔት ይቀበለዋል፣ ድምፁን የሚያጎላው ኤሌክትሪኩ ነው። ችግሩ በአንድ ጊዜ የተፈታ መሰለ። ይህ መሣሪያ ዓለምን አዳረሰ። ካርቱምም ደረሰ፤ በ1960ዎቹ ሸርሀቢል አህመድ የሱዳንን ዜማ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከሳክስፎን ጋር አዋህዶ የሱዳን ጃዝ የሚባለውን ሙዚቃ ሲያስፋፋ ቤዝ ጊታርም አብሮ ገባ። አዲስ አበባም በዚያው ዘመን በየክለቡ ቤዝ ጊታር ይሰማ ነበር።

ነገር ግን መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ቤዝ እንጨት ብቻ ነው። በካሊፎርኒያ የጊታር ክር በመሸጥ የታወቀው ኤርኒ ቦል መብራት የማይፈልግ ቤዝ ጊታር ሊሠራ ተነሳ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የኤሌክትሪክ ጊታር የራሱ ቤዝ ካለው፣ ተራው የእንጨት ጊታርስ ለምን አይኖረውም? የሜክሲኮውን ጊታሮን መነሻ አድርጎ፣ ቀድሞ ከፌንደር ጋር ይሠራ ከነበረው ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ሆኖ፣ በ1972 ኧርዝዉድ የተባለውን ቤዝ አወጣ። የሳጥኑ ጥልቀት 21 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ከተራ ጊታር እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ድምፁ ወፍራምና ሞቅ ያለ ነበር፤ ግን ለመያዝ ያስቸግራል፣ ከበሮ ሲመታም ይዋጣል። ሥራው እየተቋረጠ እየቀጠለ እስከ 1985 ድረስ ቆይቶ አበቃ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ፋብሪካዎች ሳጥኑን አሳንሰው የሠሯቸው ቤዞች አብዛኞቹ ማይክ ተገጥሞላቸው ተመልሰው ኤሌክትሪክ የሚሹ ሆኑ። ዞሮ ዞሮ ያው ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ የበገና ሠሪዎች ብልሃት

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በገና ቁመቱ አንድ ሜትር አለፍ የሚል፣ አሥር አውታር ያለው መሣሪያ ነው። ሁለት ምሰሶዎች ከታች ካለው ሳጥን ይነሱና ከላይ በቀንበር ይያያዛሉ። ሳጥኑ፣ ማለትም ገበቴው፣ ከእንጨት ተፈልፍሎ በበሬ ወይም በላም ቆዳ ይለበጣል። አውታሮቹ በጥንቱ ሥርዓት ከበግ አንጀት የሚፈተሉ ናቸው፤ ዛሬ ብዙዎች በናይለን ተክተውታል። ከላይ ቀንበሩ ላይ መቃኛ አለ፤ ከታች ቆዳው ላይ በርኩማ የሚባለው የአውታሮቹ መደገፊያ ይቀመጣል።

በትውፊት እንደሚነገረው በገና የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ ነው፤ ቀዳማዊ ምኒልክ ከኢየሩሳሌም ይዞት መጣ ይባላል። አሥሩ አውታሮችም የአሥርቱ ትእዛዛት ምሳሌ ናቸው ይባላል። መኳንንቱና የቤተ ክህነት ሊቃውንት ይደረድሩት ነበር፤ በተለይ በዐቢይ ጾም የሚሰማ፣ ለጸሎትና ለተመስጦ የተለየ መሣሪያ ነው። ለጭፈራ አይደለም። ይህን የምንለው የእምነቱን ክብር ለመጠበቅ ነው፤ አሠራሩን ግን ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም፣ ኦርቶዶክሱም ተማሪያችን ሊማርበት ይችላል፤ የእንጨቱና የቆዳው ጥበብ የሁላችንም ነው።

ታዲያ ይህ ሳጥን ከኮንትራባስ ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው። እንደዚያ የሚያስተጋባ ወፍራም ድምፅ ከየት አመጣ? ምስጢሩ በርኩማው ላይ ነው። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። አውታሩ ሲነካ ቆዳዋን በስሱ እየነካ እየለቀቀ ይንቀጠቀጣል፤ «እዝዝዝ» የሚለው፣ የንብ ቀፎ የሚመስለው ድምፅ ከዚህ ይመጣል። ይህች እዝዝታ የበገና ነፍስ ናት። ቆዳዋ አንድ ፀጉር ያህል ወደፊት ወይም ወደኋላ ከሄደች ድምፁ ይደነዝዛል፤ ወይም እንደተሰነጠቀ ሸክላ ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ በገና ደርዳሪ ከመጀመሩ በፊት እንዚራዎቹን አንድ በአንድ ለማስተካከል ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ትዕግሥት የሌለው ሰው በገና አይደረድርም የሚባለው እኮ ያለ ነገር አይደለም።

እዝዝታው ከወፍራም ድምፅ ጋር ምን አገናኘው? አንድ አውታር ሲንቀጠቀጥ አንድ ድምፅ ብቻ አያወጣም። ከዋናው ቃና በላይ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ ፍጥነት ያላቸው ቀጫጭን ድምፆች አብረው ይወጣሉ። እንዚራዋ እነዚህን ተከታይ ድምፆች በጣም ታበዛቸዋለች። የሰው ጆሮ ደግሞ ተአምረኛ ነው፤ ተከታዮቹን በሥርዓት ሲሰማ፣ ዋናው ወፍራም ድምፅ ደካማ ቢሆን እንኳ፣ ራሱ ሞልቶ ይሰማዋል።

ይህን ለማመን ስልክ በቂ ነው። የተለመደው የስልክ መስመር በሰከንድ ከ300 ንዝረት በታች ያለውን ድምፅ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። የወንድ ድምፅ ዋናው ቃና ግን ወደ 100 አካባቢ ነው። ታዲያ አባታችን ሲደውሉልን ወፍራሙን ድምፃቸውን አንሰማም ወይ? እንሰማለን፤ ጆሯችን ሞልቶት። በትንሽ ሬዲዮ የዘፈን ቤዝ የሚሰማንም በዚሁ ምክንያት ነው። የሜክሲኮው ጊታሮን ተጫዋች ሁለት አውታር አንድ ላይ የሚነካውም ይህንኑ ለማግኘት ነው። እሱ በጣቱ ያደረገውን የኛ ሠሪዎች በቆዳ ቁራጭ አደረጉት። በሕንድም ታንፑራ በሚባለው መሣሪያ አውታርና መደገፊያ መካከል ክር በማስገባት ተመሳሳይ እዝዝታ ይፈጠራል።

የድምፁ ሙቀት ደግሞ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። አውታሩ ከአንጀት መሆኑ፣ ሳጥኑ በቆዳ መለበጡ፣ አውታሩም በጣት ሥጋ ቀስ ብሎ መነካቱ የሽቦን ስለት ያጠፋል። ሌላም ብልሃት አለ። ከአሥሩ አውታሮች ዜማ የሚያወጡት አምስት ወይም ስድስት ናቸው፤ የቀሩት ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። እጅ መቼ ነክቶ መቼ እንደሚያርፍ የሚያውቀው በእነሱ ነው።

ለዘፈን የሚሆነውስ? የባህል ቡድኖቻችን ቤዝ ክራር ይሠራሉ፦ ከተራው ክራር የተለቀ ሳጥን፣ የረዘመ ምሰሶ፣ የወፈረ አውታር ያለው። ያው የአንደኛው መንገድ ልጅ ነው፤ ሳጥኑን ማተለቅ። በመድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ማይክ ይገጠምለታል፤ በትንሽ ክፍል ውስጥ ግን ያለ መብራትም ይሰማል።

የጎረቤቶቻችን አውታር

እኛ ስደተኞች ሱዳን ውስጥ እንግዳ ነን፤ ክራራችን ግን እንግዳ አይደለም። ዓባይ ከጣና ወርዶ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር እንደሚገናኝ ሁሉ፣ የዚህ መሣሪያ ቤተሰብም ከደጋ እስከ ኑቢያ ተዘርግቷል። በሰሜን ሱዳን ኑቢያውያን ኪስር ይሉታል፤ ሻይጊያዎች ጠንቡር እያሉ ይወዱታል። በምሥራቅ፣ በከሰላና በፖርት ሱዳን በኩል፣ ቤጃዎች ባሰንኮብ አላቸው። ሁሉም ሁለት ምሰሶ፣ አንድ ቀንበር፣ በቆዳ የተለበጠ ሳጥን ናቸው። በ1932 የተወለደው ትልቁ ዘፋኝ መሐመድ ዋርዲ ወደ ዑድ ከመሻገሩ በፊት እጁን ያፍታታው በጠንቡር ነው። ዘፈኖቻችንም በአምስት ድምፅ ቅኝት ስለሚሄዱ ነው ሱዳናዊው የኛን፣ እኛ የነሱን ሳንቸገር የምንሰማው።

ይህን የምናነሳው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ካምፕ ውስጥ በገና ሠሪ ባይገኝ፣ በአቅራቢያ መንደር ቆዳ እንዴት እንደሚወጠር፣ አውታር እንዴት እንደሚታሰር የሚያውቅ ሱዳናዊ አዛውንት ሊገኝ ይችላል። ዘመድ ከዘመድ ይማራል።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ

ይህ ሁሉ ጥበብ በመጽሐፍ የተጻፈ አልነበረም፤ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሄደው። አንድ ምሳሌ እንስጥ። ዛሬ በዓለም የታወቁት በገና ደርዳሪ ዓለሙ አጋ በ1950 እንጦጦ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉ የበገና ሊቅ ለጎረቤትነት መጡ፤ ልጁም ከእርሳቸው ሥር ተምሮ አደገ። አድጎም በያሬድ ሙዚቃ ት/ቤት በገና አስተማረ። አንድ ጎረቤት፣ አንድ ልጅ፤ ሰንሰለቱ እንደዚህ ቀጭን ነው።

በ1974 ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ መንፈሳዊ ዜማ ከሬዲዮ ተወገደ፤ በት/ቤቱ የበገና ትምህርት ቆመ። እስከ 1991 ድረስ በገና በየቤቱ ተደብቆ ከረመ። አስቡት፤ በ1974 አሥራ ሁለት ዓመት የነበረ ልጅ በ1991 ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። አንድ ትውልድ ሳይማር አለፈ ማለት ነው። በዚያ መካከል ያረፉ አዛውንት የያዙትን ይዘው ሄዱ። ደግነቱ ጥቂቶች አልረሱም። ከ1991 በኋላ በየሰንበት ት/ቤቱና በየማሠልጠኛው ትምህርቱ እንደገና ተጀመረ፤ ዛሬ ወጣት ሴቶችና ወንዶች በብዛት ይማሩታል። የዓለሙ አጋ በገናም ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ አልበም 11ኛ ቁጥር ላይ ወጥቶ ዓለም ሰምቶታል።

እኛስ? ስደት ሌላው የሰንሰለት መበጠሻ ነው። አንድ ሜትር የሚበልጥ በገና ይዞ በሌሊት ድንበር የሚሻገር የለም። ሰው ልጁን ያዝላል፣ ውሃ ይይዛል፣ ወረቀቱን ይደብቃል፤ ክራሩ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ከካርቱም በ2023 ወደ ገዳሪፍና ወደ ከሰላ የሸሹትም ሁለተኛ ጊዜ ዕቃቸውን ጥለው ነው የወጡት። ዕቃው ይቀራል፤ የሚሻገረው የሰውየው እጅና ልቡ ያወቀው ብቻ ነው። ያም ቢሆን ጠያቂ ካላገኘ ራሽን ሰልፍ ላይ ቆሞ ያረጃል። ስንት አናጢ፣ ስንት ቆዳ ፋቂ፣ ስንት ክራር መቺ በብሎኮቻችን ውስጥ አለ? ቆጥረን እናውቃለን ወይ?

ታዲያ ምን እናድርግ?

ለመምህራን ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ ይህን ለሳይንስ ክፍል እንጠቀምበት። ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሁለት ጠንካራ እንጨት፣ አንድ አግዳሚና የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይበቃል። ጀሪካኑ ሳጥን ይሆናል፤ ሁለቱ እንጨቶች ምሰሶ፣ አግዳሚው ቀንበር። በመጀመሪያ አንድ ቀጭን ክር ወጥሩና ድምፁን ስሙ። ቀጥሎ ሁለት ሦስት ክር አንድ ላይ ፈትላችሁ፣ በርዝመትም በውጥረትም ሳትለውጡ፣ ስሙት፤ ለምን ወፈረ? ከዚያ ጀሪካኑ ውስጥ ውሃ ጨምሩና የድምፁን ለውጥ ጻፉ። በመጨረሻ ከአሮጌ ጫማ የተቆረጠች ስስ ቆዳ በክሩና በመደገፊያው መካከል አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱ። አንዲት ቦታ ላይ ጀሪካኑ በድንገት ያጉረመርማል። ያኔ ተማሪው የንዝረትን ትምህርት ከሰሌዳ ሳይሆን ከጣቱ ይማራል።

ሁለተኛ፣ የታሪክና የአማርኛ ክፍል ተማሪዎች ደብተር ይዘው በየብሎኩ ይውጡ። መሣሪያ የሚሠሩ ወይም የሚጫወቱ አባቶችንና እናቶችን ይጠይቁ፦ የትኛው እንጨት ተመረጠ? በስንት ወሩ ደረቀ? ቆዳው የቱ ጎኑ ወደ ውጭ ሆነ? አንጀቱ እንዴት ታጠበ፣ እንዴት ተፈተለ? እንዚራው ከየትኛው ቆዳ ተቆረጠ? መልሱን ከነሥዕሉ ይጻፉ። «ይሄ ምን ዋጋ አለው፣ ፈተና ላይ አይመጣ» የሚል ተማሪ ይኖራል። ልክ ነው፣ ሚኒስትሪ ላይ አይመጣ ይሆናል። ግን በ1974 ያ ጥያቄ ተጠይቆ መልሱ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ በ1991 የጀመሩት ወጣቶች ስንት ነገር ከባዶ ባልጀመሩ ነበር።

የትኛውንም መሣሪያ የሠራ ክፍል አሠራሩንና ልኩን ጽፎ ለዝግጅት ክፍሉ ይላክ፤ በሚቀጥሉት እትሞች እናወጣዋለን። አዛውንቶችን ግን ለእትም ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ጠይቁ።